ይህን ያመጣው

ወደ ጉባኤው የሄድነው ሦስት ነበርን። እናቴ ልትማር፣ ታናሽ ወንድሜ የሚተውበት ሰው ስለጠፋ፣ እኔ ደግሞ ሊፈረድብኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሊፈረድብኝ እንደምሄድ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ጉንጩም ሆዱም ክብ ስለነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ድምቡሼ ይለው ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሳንባ ምች ያዘው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ፤ የቀረውን ሕክምና እናቴ ቤት ውስጥ ጨረሰችለት። እናቴ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው፣ መርፌ ክፍል። በሰፈሩ ስሟ «መርፌዋ» ነበር። እጇ ቀላል ነው፣ ስትወጋ አይታወቅም እያሉ ሰዎች ከጤና ጣቢያው አልፈው ቤታችን ድረስ ይመጡ ነበር። ድምቡሼን ስትወጋው ግን ይታወቅ ነበር። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ዳነ። ዳነ ብለን ደስ ባለን በሁለተኛው ሳምንት ደብተሬን አገኘው። አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብላ የጻፈችበት አንድ ገጽ ነበረኝ። ያንኑ ገጽ ቦጭቆ ግማሹን አኝኮታል። በጥፊ አላስኩት። በቀኝ እጄ፣ ግራ ጆሮው ላይ። እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ድምቡሼ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ አለቀሰ። አፉን በመዳፌ አፍኜ፣ ስኳር አልሼ ዝም አሰኘሁት። ማንም አላየኝም።

ከወር በኋላ አባቴ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠራው። ድምቡሼ ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወት ነበር። ደግሞ ጠራው። እናቴ ከወጥ ቤት የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዛ መጣችና ከኋላው ቆማ ክዳኑን በማንኪያው መታች። እኔ ዘለልኩ። ድምቡሼ ኳሱን አንከባለለ። እናትና አባቴ ተያዩ። እኔ እጄን አየሁ፤ ቀኙን።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እኔን «ረዳቴ» ነበር የሚለኝ። ትምህርት በሌለኝ ቀን ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጠኝና «ወራጅ አለ!» እያልኩ እጮህለት ነበር። እሱ ስለ ድምቡሼ ጆሮ ማውራት አይወድም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወላጆች የተዘጋጀው ጉባኤ ደብዳቤ ጤና ጣቢያ ደርሶ እናቴ ወደ ቤት ያመጣችው ዕለት ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣

«ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሊሉሽ ነው?» አላት። «አይሰማም ሊሉሽ? እሱን እኔም እነግርሻለሁ።»

«ምክንያቱን እንወቅ። ከምን እንደመጣ ሳላውቅ እንዴት እቀመጣለሁ?»

«አውቀሽስ?»

እናቴ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ጉዞው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድምቡሼ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ መስኮቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ የሞተሩ ንዝረት ጥርሱን ሲያንቀጫቅጨው ይስቃል። እናቴ የጉባኤውን ፕሮግራም አውጥታ ስታነብ እኔም ከጎኗ አነብ ነበር፤ ማንበብ እወድ ነበር። «ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት፦ የመስማት ችግር መንስኤዎች» ይላል።

«እማዬ፣ መንስኤ ምን ማለት ነው?»

«ያመጣው ማለት ነው» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ይህን ነገር ያመጣው።»

ያመጣው። እንግዲያው ሰው ነው። እዚያ የሚሄዱት የእያንዳንዱን ልጅ ጆሮ ያጠፋው ሰው ማን እንደሆነ ሊያጣሩ ነው። ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ አጽናናኝ፤ ያመጣው እንጂ ያመጣችው አላለችም። ምናልባት የሚፈልጉት ወንድ ይሆናል።

ጉባኤው የተደረገው ተማሪዎቹ ለእረፍት በወጡበት አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ኮሪደሩ የማሽን ዘይትና የጠመኔ ሽታ አለው። በር ላይ አንዲት ሴት በሚገባው ሰው ሁሉ ደረት ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ በመርፌ ቁልፍ ታያይዝ ነበር። የወላጆች ቢጫ፣ የልጆች አረንጓዴ። ለእኔ የሚሆን ቀለም አልነበረም። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ፣

«አንቺስ ትሰሚያለሽ?» አለችኝ።

«እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ነጭ ይሁንልሽ» ብላ ባዶ ካርድ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ለዩኝ አልኩ በሆዴ።

የተኛነው ተደራራቢ አልጋ ባለበት የተማሪዎች ክፍል ነው። ከእኛ ጋር ዳቦ ጋጋሪ የሆነች ሴት ከመንታ ሴት ልጆቿ ጋር ተመደበች። ክንዷ እስከ ክርኗ በምድጃ ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣ ሳቋ ክፍሉን የሚሞላ ሴት ነበረች። መንታዎቹ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም አይሰሙም። እንደገቡ አልጋ ላይ ወጥተው በእጃቸው ይነጋገሩ ጀመር፤ እንዲያ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። አንዷ አንድ ነገር አለች፣ ሌላዋ በሳቅ ተንከተከተች። ድምቡሼ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጣቶቹን እያወዛወዘ እነሱን ለመምሰል ሞከረ።

እናቴ ሁለቱን እጆቹን ይዛ ጭኑ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ልቀቂለት እንጂ፣ እህቴ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ይድናል ብዬ ነው» አለች እናቴ። «እጁን ከለመደ አፉን ይተወዋል ይላሉ።»

«እኔም እንዲያ እያልኩ ሦስት ዓመት እጃቸውን ስይዝ ኖርኩ። በሦስት ዓመት አንድ ቃል አላወጡም። አሁን ግን እያቸው፤ ዝም በሉ ብል የሚሰማኝ የለም።» በራሷ ቀልድ ሳቀች። «ደግነቱ ሲጣሉ ጎረቤት አይረበሽም። ሰሃን ካልወረወሩ።»

እናቴ አልሳቀችም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ድምቡሼ እጁን ባነሳ ቁጥር ይዛ ታወርድበት ነበር። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ነው፤ እናቴ ግን እስካሁን ከወንድሜ ጋር የምትነጋገረው «ብላ»ን፣ «ተኛ»ን፣ «ና»ን በሚያክሉ ጥቂት የቤት ምልክቶች ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ቋንቋውን መማር ማለት አይድንም ብሎ መፈረም እንደነበረባት የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው አለ። ድምቡሼን ከመንታዎቹ ጋር ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል አስገቡት፤ እኔ ነጭ ካርድ ስለሆንኩ ይሁን ስለተረሳሁ፣ እናቴ ጎን ተቀመጥኩ። መድረኩ ላይ የጆሮ ሐኪም ወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚናገር፣ ደስ የሚል ድምፅ ያለው ሰው ነው። የጆሮን ስዕል ግድግዳው ላይ አበራ፤ ከውስጥ ቀንድ አውጣ ይመስላል። ድምቡሼ ጆሮ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ እንደጨፈለቅኩት ወዲያው ታወቀኝ።

ሐኪሙ መቁጠር ጀመረ። ከወላጅ የሚወረስ አለ። ማጅራት ገትር የሚያመጣው አለ። እናቴ እየጻፈች ነው። «ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ከባድ ምትም አንዳንድ ጊዜ» ሲል ቀኝ እጄን ከመቀመጫዬ ስር ደበቅኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ማንም አልዞረም። «ሌላው ደግሞ መድኃኒት ነው» አለና የአንድ የመርፌ መድኃኒት ስም ጠራ።

የእናቴ እስክሪብቶ ቆመ።

ጥያቄ ካላችሁ ሲባል እጇን ያነሳችው እሷ ናት። ተነሳች። እናቴ ሰው ፊት ስትናገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ኮራሁባት።

«ለአምስት ቀን የታዘዘ መርፌ፣» አለች፣ «አሥራ አራት ቀን ቢሰጥስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወረደ። «የልጁ ክብደት?»

«ዘጠኝ ኪሎ።»

«የራስሽ ልጅ ነው?»

«አይ» አለች። «እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። አንዲት እናት ጠይቃኝ ነው።»

ለሰው የምታስብ እናት አለችኝ አልኩ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ የምትጠይቀው ስለ ሌላ እናት ልጅ ነው!

«እንግዲህ ልጁን ሳላይ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለ ሐኪሙ። «ግን አዎ፣ መስማት ሊያሳጣ ይችላል። ከሆነም አይመለስም፤ ለእናትየዋ ተስፋ አትስጫት። አንድ ነገር ግን ንገሪያት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።» ወደ አዳራሹ ዞረ። «እናቶች ሁልጊዜ ራሳችሁን ነው የምትወቅሱት። የምትጠየቁት እናንተ አይደላችሁም። የሚጠየቀው መርፌውን የወጋው ባለሙያ ነው። አምስት ቀን ተብሎ አሥራ አራት ቀን የሚወጋ ሰው ከዚያ በኋላ መርፌ መያዝ የለበትም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተነስታ ነበር ያጨበጨበችው። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ስለ ምት የተባለው ተረስቶ ሌላ ጥፋተኛ ስለተገኘ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አመሰግናለሁ» አለች፤ ማንም አልሰማትም። ከዚያ ቦርሳዋንም ደብተሯንም ትታ ወጣች።

ተከተልኳት። ከሕንጻው ጀርባ የውሃ ታንከርና የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎች አሉ። እናቴ አንዱ ገንዳ ላይ ተደፍታ ታስመልሳለች። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ሥራ ቦታዋ እንደምታደርገው፣ ጣት በጣት፣ እስከ ክንዷ። ጨረሰችና እንደገና ጀመረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ተስፋዬ ሁሉ ብን አለ። አወቀች አልኩ። ሐኪሙ ምት ሲል ነው ያወቀችው፤ የሌላዋን ሴት ጉዳይ የጠየቀችው ለይሉኝታ ነው፤ አሁን እኔን ምን እንደምታደርገኝ ጨንቋት ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እ?»

«ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ውሃው እየፈሰሰ ዞራ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ደብተሩን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ጥፊውን፣ ስኳሩን። የውሃው ድምፅ ይውጠኝ ስለነበረ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ እናቴ ዝግ ባለ ድምፅ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር።

«መቼ ነው? ከመታመሙ በፊት?»

«ዳነ ካልን በኋላ።»

«በኋላ… ከዚያ በፊት ስትጠሪው ይሰማሽ ነበር? አስቢ።»

«አላውቅም… መሰለኝ… አዎ።»

«በኃይል ነው የመታሽው?»

«በኃይል።»

ቧንቧውን ዘጋች። እርጥብ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሳበችኝና አቀፈችኝ። ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም።

«ለማንም አትናገሪ» አለችኝ በጆሮዬ። «እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው። እሺ የኔ ልጅ?»

እሺ አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተወድጄ የማውቅ አይመስለኝም ነበር። ወንድሜን አደንቁሬ፣ አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም፤ አቅፋኝ አለቀሰች። ይህች ናት ይቅር ባይ እናት ብዬ ለዓመታት በልቤ አመሰገንኳት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አንቺ ነሽ አላለችም። አንቺ አይደለሽም አላለችም።

ስንመለስ አባቴ ፈረቃውን ጨርሶ ባዶ አውቶቡሱን ይዞ መናኸሪያው አጠገብ ጠበቀን። ከሰዓት በኋላ ነበር። ድምቡሼ ከኋላ ወንበሮቹ መሐል ይሮጣል። እናቴና እኔ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥን።

«እና፣ ምን አሉሽ ሊቃውንቱ?» አለ አባቴ ሞተሩን እያስነሳ። «ከምን መጣ አሉ?»

እናቴ በመስኮት ስታይ ቆየች። «ምትም ሊሆን ይችላል አሉ።»

«የምን ምት?»

«ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ።»

«ማን መታው?»

እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር። ጠበቅ አደረገችው። «ልጆች ናቸው… ሲጫወቱ።»

አባቴ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ልጅ የለም። ማርሽ አስገባና ነዳ። እኔ እናቴ ምስጢሩን ለመጠበቅ ሞክራ ከአፏ ያመለጣት መሰለኝ፤ እንዲያውም አሳዘነችኝ። አባቴ አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ረዳቴ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንቺ ልጅ» ሆንኩ። ከወንበሩ ኋላም አላስቀመጠኝም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሲሞት አልጋው ጎን ነበርኩ፤ እጄን ያዘና «ልጅ ነበርሽ፤ ሳታውቂ ነው» አለኝ። ይቅርታ ማድረጉ ነበር። አለቀስኩ፣ አመሰገንኩት።

እናቴ ከጉባኤው በተመለስን በወሩ ከመርፌ ክፍል ወጥታ ካርድ ክፍል ገባች። እድገት አግኝታ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ጎረቤት መርፌ ይዞ ሲመጣ «እጄ ይንቀጠቀጣል» እያለች ትመልስ ነበር። አይንቀጠቀጥም ነበር፤ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር ስታስገባ አያት ነበር።

እኔ ዕዳዬን መክፈል ጀመርኩ። ድምቡሼ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሲገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተሰብ የሚሰጠውን የምልክት ትምህርት እናቴን ተክቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ከልጆቹ በፊት ቋንቋውን ጨረስኩት። ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ሥራ ቅጥር፣ የትም ሲሄድ ድምፁ ሆንኩ። ውጭ አገር የመማር ዕድል መጥቶልኝ ተውኩት። ሊያገባኝ የነበረ ሰው «ወንድምሽን ነው ያገባሽው» ብሎኝ ሄደ፤ አልተከተልኩትም። ድምቡሼ አድጎ ጥሩ አናጺ ወጣው፤ በርና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ እንደሱ የማትሰማ ልጅ አገባ።

አምና ሚስቱ አረገዘች። የሚወለደው ልጅ ይሰማ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ሁለቱም ተመረመሩ። እንደተለመደው መሐል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ወጣቷ የጆሮ ሐኪም የወንድሜን የምርመራ ወረቀት እያየች፣

«የእሱ ከምን እንደሆነ ይታወቃል?» አለችኝ።

ለእሱ ሳላስተረጉም በአፌ ብቻ መለስኩላት። «በሁለት ዓመቱ በጥፊ ተመትቶ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ መታችው።»

ፈገግ አለች። «የስድስት ዓመት ልጅ ጥፊ ይህን አያደርግም። ቢያደርግ እንኳ የተመታውን ጆሮ ነው። የሱ ሁለቱም እኩል ነው የጠፋው።» ወረቀቱን አዞረችልኝ። «ይህን ዓይነት የምናየው በመድኃኒት ነው። ሕፃን ሳለ ብዙ ቀን የተወጋው መርፌ ነበር?»

አምስት ቀን። አሥራ አራት ቀን። ዘጠኝ ኪሎ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ድምቡሼ ክንዴን ነካኝ። «ምን አለች?» አለኝ በእጁ።

«ምንም» አልኩት። በሥራዬ የተነገረን ነገር ሳላስተላልፍ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያው በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ለሚመጣው የልጅ ልጅ የገዛችውን ጨቅላ ልብስ እያጣጠፈች አገኘኋት። አልተቀመጥኩም።

«እማዬ፣ ያቺ እናት ማን ነበረች?»

«የትኛዋ?»

«ለሐኪሙ የነገርሽው። ዘጠኝ ኪሎ ልጅ የነበራት።»

ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አላውቃትም ብላ ትክደኛለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም።

«ከአንቺ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ቀብሬያለሁ» አለች። «እሱም ሳንባ ምች ነው። አምስት ቀን ይበቃዋል ተብሎ መርፌው ቆመ፣ በስምንተኛው ቀን ሞተብኝ። ድምቡሼም አምስት ቀን ሲባል… አላመንኳቸውም። መድኃኒቱ በእጄ ነው። አንድ ቀን ልጨምር፣ አንድ ቀን ልጨምር እያልኩ ነው።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅሽ።»

«አውቃለሁ።» ቀና አላለችም። «ልጅ ይረሳል ብዬ ነው። ስትደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ አባትሽ ሲያልፍ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ደግሞ በምን አፌ?»

«ያን ቀን ገንዳው ጋ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልብሱን እንደገና አጠፈችው። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ነኝ ስትዪኝ ዐረፍኩ። ውሸት መሆኑን አውቄ ነው ያረፍኩት። ሲያጨበጭቡ ሰምተሻቸዋል።»

«እኔም አጨብጭቤያለሁ» አልኳት።

«አይቼሻለሁ» አለች።

ስወጣ «ለሱ አትንገሪው» አለችኝ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። በማግስቱ ነገርኩት።

የሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ነበር፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ድምቡሼ መሰንጠቂያውን አጥፍቶ በእንጨት ብናኝ የነጣ ቅንድቡን እየጠረገ እጄን ያያል። ሁሉንም ነገርኩት። ጥፊውንም፣ መርፌውንም፣ ጉባኤውንም። ስጨርስ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ማን እንዳደረገው ለእኔ ለውጥ የለውም» አለ። «ሰምቼ አላውቅም፣ ምን እንደጎደለኝም አላውቅም። እናንተ ናችሁ የምታለቅሱት።»

ቀለል ሲለኝ አየና ፊቱ ተለወጠ። አንድ ነገር ሲያሰላ አውቀዋለሁ።

«አንቺ ግን… ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤት የመጣሽው በዚህ ምክንያት ነው?»

ከልብሴ ላይ የእንጨት ብናኝ አራገፍኩ።

«ያ ሰውዬ ሲሄድ የቀረሽው? ውጭ የመሄዱን ነገር የተውሽው?»

መዶሻውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ ስለምትወጂኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ትምህርት ቤት ልጆቹ ቤተሰቦቻቸው እንደማያናግሯቸው ሲያወሩ፣ እኔ እህት አለችኝ፣ በፈቃዷ ቋንቋዬን የተማረች እህት አለችኝ እያልኩ እኮራ ነበር። ባትመቺኝ ኖሮ ትማሪው ነበር?»

አዎ ለማለት እጄን አነሳሁ። አየር ላይ ቀረ። እወደዋለሁ፤ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፍቅሬን ከፍርሃቴ ለይቼ አይቼው አላውቅም ነበር። ድምቡሼ እጄን ሳይሆን ፊቴን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዞረና ማሽኑን አስነሳ። ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ እናታችን ዘንድ ብቻውን ሄደ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲጻጻፉ እንደዋሉ ጎረቤት ነገረችኝ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም፤ ወረቀቱንም ይዞት ሄዷል። ለእኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ መልእክት አልላከልኝም።

ሚስቱ ምጥ የያዛት ማለዳ እናቴ ደውላ ነገረችኝ። ሮጬ ሆስፒታል ደረስኩ። ማዋለጃው በር ላይ ከአዋላጇ ጎን ሌላ አስተርጓሚ ቆማለች፤ አዲስ ተመራቂ፣ የማላውቃት ልጅ። እናቴ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ድምቡሼ ሲያየኝ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«አንቺን አልጠራሁሽም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ እዚህ ሥራ የለሽም። ከእንግዲህም የለሽም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ማንም አይቀየምሽም።» ትንሽ ቆም አለ። «መቀመጥ ከፈለግሽ ደግሞ ተቀመጪ።»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ በሩ ተመለሰ። አዋላጇ አንድ ነገር ተናገረች፤ አዲሷ ልጅ አስተረጎመችለት። አንዱን ቃል ተሳስታለች። ድምቡሼ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንድትደግምለት ጠየቃት፣ ደገመችለት፣ ገባው።

ከእናቴ ራቅ ብዬ፣ በአግዳሚው ሌላ ጫፍ፣ እጆቼን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።